ረቡዕ ሥጋ የበላው ሄኖክ

ከሁሉ በፊት ጠባዬን ልንገራችሁ፤ ኋላ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት» እንዳትሉኝ። ተጠራጣሪ ነኝ። ሒሳብ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ኮራጅ አምልጦኝ አያውቅም። ኮራጅን ደግሞ በትክክል የጻፈው መልስ አያጋልጠውም፤ የሚያጋልጠው ስሕተቱ ነው። ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ቅጽል ስም አለ። እዚህ አልጽፈውም፣ ግን ከዘበኛ ጋር የተያያዘ ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ በር ሲንኳኳ «ማነው» ብሎ አያውቅም፣ «ከማን ጋር ነህ» ነበር የሚለው። ከሱ ነው የወረስኩት።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ያሳፍራል። ጌም እጫወታለሁ። ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ የሰው ልጅ የማስተምር ሴትዮ ሆኜ፣ ከሥራ መልስ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ከጭራቅ ጋር እዋጋለሁ። የማኅበር ጓደኞቼ ቢሰሙ ጸበል ይወስዱኝ ነበር። ያስለመደኝ ታናሽ ወንድሜ ሄኖክ ነው። አባታችን ሲያርፍ ገና ሕፃን ስለነበር ከእማዬ ጋር ሆኜ አሳድጌዋለሁ ማለት እችላለሁ። ኮምፒውተር ተምሮ ተመረቀ፣ ከዚያ ሥራ ጠፋ። ቤት ውሎ ሲቆዝም ሳየው እንዳይከፋው ብዬ «እስኪ ይሄን ነገር አሳየኝ» አልኩት። እሱን ለማጽናናት የጀመርኩት እኔኑ ያዘኝና ቁጭ አልኩ።

ሦስት ነበርን። ሄኖክ ሰይፍ ይዞ ፊት ይቀድማል። ናስር፣ እዚህ ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ አባቱ የቅመም ሱቅ ያላቸው የሄኖክ የልጅነት ጓደኛ፣ ከኋላ ቀስት ይወረውራል፤ ጭራቅ ወደ እኔ ሲመጣ ግን ከፊቴ መጥቶ ይቆማል። እኔ ሐኪም ነኝ። የሐኪም ሥራ ጦርነቱን ማየት አይደለም፤ የጓደኞቹን ጤና እያየ የጎደለባቸውን መሙላት ነው። ጌሙ ይዞት የሚመጣው የጤና ምልክት ደግሞ የጉንዳን እግር የሚያክል ስለሆነ ዓይኔ አልችል አለ። ሄኖክ ይሄን አይቶ አንድ አድኦን ሠራልኝ፤ አድኦን ማለት ጌሙ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ናት። ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ግራ በኩል ሦስት ወፋፍራም መስመሮች ተደረደሩልኝ፤ ትግስት፣ ሄኖክ፣ ናስር፣ በአማርኛ የተጻፉ። ጤነኛ ሲሆኑ አረንጓዴ፣ ሲጎዱ ቢጫ፣ ለሞት ሲቃረቡ ቀይ፣ ሲሞቱ ጥቁር፣ ከኢንተርኔት ሲወጡ ግራጫ ይሆናሉ። ከስሙ ጎን ደግሞ ካራክተሩ፣ ጌሙ ውስጥ በኛ ፈንታ የሚዋጋው ሰው፣ ምን እንደበላ በትንሽ ሥዕል ትታያለች፤ ዳቦ ከሆነ ዳቦ፣ ሥጋ ከሆነ ሥጋ። እነዚያኑ መስመሮች በስልክ የምታሳይ ገጽም ሠርቶ ነበር። ጽሑፍ አትቀበልም፣ ቀለሟን ብቻ ነው የምታሳየው። ውጭ ሲውል እሷን ከፍቶ የኔ መስመር በርቶ ሲያይ «እቴቴ ገብታለች» ይልና ወደ ቤት ይሮጣል።

ስለ ሥዕሏ አንድ ነገር ልጨምር። ጌሙ ውስጥ ሥጋ የበላ ከዳቦ በላተኛ ይልቅ ይጠነክራል። አንድ ዓርብ እማዬ ከኋላችን ቆማ ስታይ ያቺን የተጠበሰች ሥጋ አየቻት። «ምንድን ነው የሚበላው?» አለች። ሄኖክ ነገራት። «በዓርብ?» አለች፣ ድምጿ ውስጥ የነበረውን ሐዘን እስካሁን አልረሳውም። ጨዋታ ነው ብንላት፣ ሰው የሚበላሸው በጨዋታ ነው አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ሄኖክ ረቡዕና ዓርብ ካራክተሮቻችንን እናስጾማለን። በዳቦ ምክንያት ስንቴ ተሸንፈናል። ይሄን ለማንም አልተናገርንም፤ ማን ይሰማናል?

ጥቅምት ላይ ሄኖክ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ አለ። እማዬ እልል አለች። እኔ እንደ ጠባዬ የድርጅቱን ስም፣ አድራሻውን፣ አለቃውን ጠየቅኩ፤ ሁሉንም ሳይደናቀፍ መለሰልኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፣ ሄኖክ ሳይደናቀፍ የተናገረው ነገር የለምና። ልሸኝህ ብለው በጄ አላለም፤ ቦርሳውንና ላፕቶፑን ይዞ በጠዋት ወጣ። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጠፋ። ማምሻውን ግን ጌሙ ውስጥ ገብቶ ጻፈልኝ፤ ስልኬን ሰረቁኝ፣ እስክገዛ በዚህ እንገናኝ፣ ለእማዬ ደህና ነው በያት ይላል። አዲስ አበባ ስልክ ተሰረቀ ቢሉኝ ምን ብዬ ልጠራጠር? ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ እማዬ ጓዳ ሆና «አረንጓዴ ነው?» ትለኛለች። «አረንጓዴ ነው» እላታለሁ። ተመስገን ትልና ደም ግፊት መድኃኒቷን ትውጣለች።

ከሄደ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ረቡዕ ነው ነገሩ የጀመረው። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባሁ፣ ሄኖክ ቀድሞኝ ገብቷል። ሰላም ተባባልን። ውጊያ ልንጀምር ስንል ዓይኔ መስመሩ ላይ አረፈ። ከሄኖክ ስም ጎን የተጠበሰች ሥጋ አለች።

ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ሰው ቀን ይረሳል፣ አዲስ ከተማ ነው፣ ሥራ አለው። ግን ሄኖክ እኮ ለአንድ ዓመት ተኩል አንዴም አልረሳም፤ እንዲያውም እኔ ስረሳ የሚያስታውሰኝ እሱ ነበር። ቀጥዬ አንድ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ አዲስ አበባ ሴት ይዞ እሷ ትሆናለች የምትጫወተው። ሳቄ መጣ። እያሰብኩ እያለሁ መብራት ጠፋ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ኢንተርኔቱም ከስልኬ ነው፣ ስለዚህ ጌሙ አልቆመም። የሄኖክ መስመር ግን ከአምፖላችን ጋር እኩል ግራጫ ሆነ።

ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። እስከ ከተማው በር፣ ሸዋ በር ድረስ፣ አንድም አምፖል አይበራም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። መብራቱ ሲመጣ የሄኖክ መስመር ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። ምን ሆነህ ነው አልኩት። እዚህም መብራት ጠፍቶ ነበር ብሎ ጻፈ። እሺ አልኩት፤ አፌ እሺ ይበል እንጂ ሆዴ እሺ አላለም።

ሐሙስ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ያሰብኩት ሌላ ነገር የለም። የሄኖክ ስልክ ዝግ ነው። የነገረኝን ድርጅት ስም ይዤ አዲስ አበባ የምትኖር የአጎቴን ልጅ ጠየቅኳት፤ በነገርኳት አድራሻ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም አለችኝ። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባኝ። ወንድሜን ገድሎ ላፕቶፑን የወሰደ ሌባ ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ ጭራቅ እየገደለ እንዳይሆን አልኩ። ሌባ ግን ለምን «ለእማዬ ደህና ነው በያት» ይላል? ይሄን ስጠይቅ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። እማዬን እንዴት ልንገራት? አልነገርኳትም። «አረንጓዴ ነው?» አለችኝ፣ «አረንጓዴ ነው» አልኳት።

ዓርብ ወጥመድ አጠመድኩ። ገና ስገባ ሥጋዋ እንደ ረቡዕ አለች። አሁንስ ስሕተቱ ሁለት ሆነ። ውጊያ ገባንና እኔ ሆን ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ጤናው ሲወርድ አልሞላሁለትም። መስመሩ ቢጫ ሆነ፣ ወደ ቀይ ሄደ። ሄኖክ ቢሆን ወደኋላ ማለት አያውቅም፤ እየሞተም ወደፊት ነው የሚሄደው፣ ከዚያ እኔ ላይ ይጮኻል። ይሄኛው ግን ጤናው ሊያልቅ ሲል ዞሮ እኔ ፊት መጥቶ ቆመ፣ ጭራቁ እኔን እንዳያገኘኝ። እንደዚያ አድርጎ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ መብራት ጠፋ። መስመሩም ግራጫ ሆነ።

በጨለማው ውስጥ ሦስተኛው መስመር ላይ አፈጠጥኩ። የናስር መስመር ሄኖክ ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በርቶ አያውቅም። ሱቅ በዝቶብኝ ነው ብሎኝ ነበር። ሰውየው ያለው አዲስ አበባ አይደለም። እዚሁ ሐረር፣ ከኛ ጋር መብራት የሚጠፋበት ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ጊደር መጋላ ወረድኩ። አልደወልኩም፤ የተጠራ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ናስር ቁንዶ በርበሬ እየመዘነ ነበር። ሲያየኝ እጁ ቆመ። አባቱ አው ዩስፍ ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ ስለ እማዬ ጤና ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሰላምታው አላልቅ አለ። ከዚያ ጓዳውን በሚጋርደው መጋረጃ በኩል አጮልቄ አየሁ። ከዝንጅብል ጆንያ ላይ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ የወንድሜ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ እኔ በቴፕ የለጠፍኩት ስንጥቅ ሳይቀር አለ።

«ሄኖክ የት ነው?» አልኩት።

ናስር ይመዝንለት የነበረውን ገዢ ሸኘና «አማና ነው፣ እትዬ» አለኝ። አማና አደራ ማለት ነው፣ በነሱ ዘንድ ከአደራም ይከብዳል። አው ዩስፍ ቀና አሉ። እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ከፊታቸው ለየሁት።

«የምን አማና ነው የተቀበልከው?» አሉት።

ናስር ሚዛኑን ማጽዳት ጀመረ። በጥፊ ልለውም አስቤ ነበር፣ አባቱ ባይኖሩ አልመልሰውም። አው ዩስፍ ቀስ ብለው፣ «ሰው ሞቶ የሚጠበቅ አማና የለም። አንድ ነፍስ ካለበት ተናገር፣ ኃጢአቱ በኔ» አሉት።

ከዚያ ተናገረ። ሄኖክ አዲስ አበባ አልሄደም። ደላላ ይዞት ጅጅጋ ገብቷል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ነው፣ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው አገር። ላፕቶፑን ለናስር ትቶ፣ ማዶ ተሻግሬ ራሴ እስክደውል በየቀኑ እየገባህ መስመሬን አረንጓዴ አድርግልኝ፣ እማዬ እንዳትደነግጥ ብሎ አስምሎታል። ናስርም ጓደኛዬ ነው ብሎ ማለ። ከሄደ ወዲህ አንዴ ከሰው ስልክ ደውሎለት መኪና እየጠበቅን ነው ብሎታል፤ ያንን ቁጥር ደወልንለት፣ ዝግ ነው። ቴሌግራሙንም አጥፍቷል። ጅጅጋ ሄደን እንፈልገው ብንል ደላላው ያስቀመጠው ቤት የት ሰፈር እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ሥጋውን ለምን አበላኸው?» አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ናስር አልገባውም። ስነግረው ግንባሩን ያዘ። ናስር እኮ በጾማችን ቀን እኛ ፊት ሥጋ በልቶ አያውቅም፤ የእኛን ጾም ከአንዳንድ ክርስቲያን አብልጦ ያውቃል። ጌም ውስጥም እንደምንጾም ግን ማን ነግሮት? ሁሉንም ነገር የሄኖክን አስመስሎ፣ ወንድሜ ሲጽፍ እንደሚያደርገው አድርጎ፣ በዚያች በማያውቃት ቦታ ተሳሳተ። ኮራጅ ሁሌም እንዲህ ነው።

ድንጋጤዬ ወዲያው ወደ ሥራ ዞረ። በምን ነው የምንደርስበት? አንድም መንገድ የለም ስንል ናስር ድንገት «ያያችኋል» አለ። ሄኖክ ሌላ ስልክ ይዟል፣ ቁጥሩን ለማንም አልሰጠም፤ ባትሪ እንዳያልቅበት አጥፍቶት ይውላል። ግን በቀን አንዴ ይከፍተውና ያቺን ገጽ ያያል፤ የትግስትን መስመር ካየሁ ቤት ሰላም ነው ማለት ነው ብሎ ነግሮታል።

እኔ የሱን መስመር እያየሁ ደህና ነው ስል፣ እሱም ያለበት ሆኖ የኔን እያየ ደህና ናቸው ይላል። ገጿ ደግሞ ጽሑፍ አትቀበልም። ቀለም ብቻ።

ላፕቶፔን አውጥቼ የቅመም ጆንያ ላይ አስቀመጥኩና ገባሁ። እኔ ሐኪሟ ሞቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ብሞት እንኳ ወዲያው ነው የምነሣው፣ ተጋድሜ መታየት ነውር ይመስለኛል። ሄኖክ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። ካራክተሬን ይዤ ማናችንም ለብቻ ገብተን ወደማናውቀው የተኩላ ጉድጓድ ወረድኩ። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። መስመሬ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። «ትግስት» የሚለው ስሜ በጥቁር ላይ ቀረ። ናስር ፊቱን አዞረ። «ላፕቶፑን ንቀል» አልኩት፤ የሄኖክም መስመር ግራጫ ሆነ።

ተቀመጥን። አው ዩስፍ ለሚመጣው ገዢ ራሳቸው ይመዝናሉ። መብራት እንዳይጠፋ ለመንኩ፣ ቢጠፋም ባትሪዬ እንዲችል ለመንኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ሦስታችንም ዘለልን። እማዬ ናት። «አረንጓዴ ነው?» አለች። ኔትወርክ የለም እማዬ፣ ስገባ እነግርሻለሁ አልኳት። «ምነው ድምፅሽ?» አለችኝ። ለካ መጠርጠርን የወረስኩት ከአባቴ ብቻ አይደለም። የምሳ ሰዓት አለፈ። አዛን ተባለ፣ አው ዩስፍ ሰግደው ተመለሱ። እሱ ዛሬ ስልኩን ባይከፍትስ? ዛሬ ጠዋት ወጥተው ቢሆንስ? ናስርን ባየሁት ቁጥር ንዴቴ ይነሣል፣ መልሶ ይበርዳል።

ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ጫፍ ስትጠጋ የናስር ስልክ ጠራ፤ የማይታወቅ ቁጥር። አነሣው። ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል። «ትግስት ምን ሆነች? ለምን አትነሣም? የኔም መስመር ጠፍቷል፣ ቤት ምን ተፈጠረ?» ናስር ምንም ሳይል ስልኩን ሰጠኝ።

«አለሁ» አልኩት።

ስልኩን የዘጋው መሰለኝ። ከዚያ ሲተነፍስ ሰማሁት። «እቴቴ፣ ነገ ሳይነጋ እንወጣለን» አለኝ። ልጮህበት ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ይሄ ነው።

«ስማኝ ሄኖክ። ሳምንቱን ሙሉ ደህና ነው ያልኩት ናስርን ነው። አንተ ባሕር ላይ ብትቀር ናስር መሐላውን ጠብቆ አረንጓዴ ያደርግሃል። እማዬ የሞተ ልጇን በየቀኑ ደህና ነው እየተባለች ትኖራለች። አታለቅስልህም እንኳ። ይሄን ነው የምትፈልገው?»

ሌላ ሰው ከኋላው ሲቆጣ ሰማሁ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል ዝግ ነው። ማልቀስ አልፈልግም ነበር፣ ሰው በተሰበሰበበት ገበያ፣ ግን አለቀስኩ። አው ዩስፍ «ልጄ፣ የሰማውን ሰምቷል፣ የቀረውን ለአላህ ተይው» አሉኝ።

እሑድ ምናልባት ቢመለስ ብዬ ከቅዳሴ በቀጥታ ሸዋ በር፣ የጅጅጋ ሚኒባሶች የሚቆሙበት፣ ሄድኩ። ናስር ቀድሞኝ ደርሷል፤ አላናገርኩትም፣ ግን አጠገቡ ቆምኩ። የመጣ መኪና ሁሉ ያጠራጥረኛል። ወርደው ያለቁ ሲመስለኝ ሌላ ይወርዳል፣ እሱ አይደለም። ፀሐይ መሐል አናት ላይ ወጣች። እንግዲህ ሄዷል ብዬ ለእማዬ የምላትን መደርደር ጀመርኩ። አንዲት ሚኒባስ ገባች፣ ሰው ወረደ፣ ከመጨረሻው ወንበር አንድ የከሳ ልጅ ቦርሳውን አቅፎ ወረደ። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ማን ገደለሽ?» አለኝ።

«ራሴ ነኝ» አልኩት።

ናስር ሳቀ፣ ከዚያ ሦስታችንም ተላቀስን። ጅጅጋ ከሄኖክ ጋር አንድ ቤት የነበሩ ሁለት ልጆች ጎህ ሲቀድ ሄደዋል። አንዱ ከማዶ ደውሎለታል። የሌላው ድምፅ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ በየቤታችሁ ወጣት ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ ወንድሜ ጎን በየቀኑ እየተቀመጥኩ የካራክተሩን ጤና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አውቅ ነበር። ምን እንደበላ፣ የት እንደቆሰለ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ጊዜ ግን «ሥራ ማጣቱ እንዴት አደረገህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም፤ መስመሩ አረንጓዴ ነበራ። ልጆቻችሁን ስታዩ ምኑን ነው የምታዩት? ከዚያ ወዲህ መጠርጠር አልተውኩም፣ እሱ ከኔ አይወጣም። ድሮ ሰው ምን ሰርቆኝ ይሆን ብዬ ነበር የምጠረጥረው፤ አሁን ተማሪዬ ሲኮርጅ እንኳ ከመቅጣቴ በፊት ቤት ምን ገጥሞት ይሆን እላለሁ። ቅጽል ስሜ ግን አልተቀየረም።

ከናስር ጋር ለወር ያህል ተኮራርፈን ታረቅን። አው ዩስፍ ሱቃቸው በሄድኩ ቁጥር «የኛ ልጅ የጌም ጾማችሁን ባለማወቁ ነው የእናንተ ልጅ የተረፈው» እያሉ ይስቁብናል። ሄኖክ አሁን ድሬዳዋ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከሥራ መልስ ሦስታችንም እንገባለን። እማዬም አሁንም ከጓዳ ሆና ትጠይቃለች።

ትናንት ረቡዕ ነበር። መስመሩ አረንጓዴ ነው፣ ከስሙ ጎንም ዳቦ አለ። ቢሆንም ደወልኩለት።